ጨለማ ፍለጋ እስከ ኮንጎ

አሥራ ሰባት ዓመት ሳስተምረው የኖርኩትን መጽሐፍ ጨርሼ አላነበብኩትም ነበር። ይህንኑ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። «ምን የሚሉት መጽሐፍ ነው?» አሉኝ። ኮንጎ ስለሄደ አንድ መርከበኛ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ልቦለድ መሆኑን ሲሰሙ፣ «ይኼማ ስንፍና ነው፤ ምኑን ትናዘዘዋለህ?» ብለው አንዲት ስግደት እንኳ ሳያዙልኝ አሰናበቱኝ። ቀኖና ያልተቀበሉበት ጥፋት ደግሞ እንደ አራጣ ብድር ነው፤ ዋናው ሳይነካ ወለዱ ይቆለላል። ስለዚህ ነገሩን እዚህ አንባቢ ፊት ልዘርግፈው።

መጽሐፉ የጆሴፍ ኮንራድ ነው። ቀጭን ነው፤ መቶ ገጽ ገደማ ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ብላክውድስ በተባለ መጽሔት በሦስት ክፍል ወጣ፤ በ1902 ከሌሎች ሁለት ታሪኮች ጋር ተጠርዞ ታተመ። ማርሎ የሚባል መርከበኛ ቴምዝ ወንዝ ላይ መልሕቋን በጣለች ጀልባ ተቀምጦ፣ ቀኑ እየመሸ ሲሄድ ለጓደኞቹ ያወጋል። አንድ የአውሮፓ ኩባንያ ቀጥሮት አፍሪካ መሀል ትልቅ ወንዝ ሽቅብ እንደሄደ፣ ከወንዙ ጫፍ ኩርትዝ የሚባል የዝሆን ጥርስ ሰብሳቢ እንደነበረ፣ ይህ ኩርትዝ የተማረ፣ ሥዕል የሚሥል፣ ሲናገር ሰው የሚያፈዝ እንደነበረ፣ ማርሎ ሲደርስ ግን ቤቱ ዙሪያ የሰው ራስ በእንጨት ላይ ሰክቶ እንደ ጣዖት ሲመለክ እንዳገኘው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከማጠቃለያ ነው። እኔ ራሴ ያነበብኩት፣ ማርሎ የተሰበረች መርከቡን የሚጠግንበት የብረት ምስማር እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ እስከሚጠብቅበት ቦታ ነው። ማርሎ መርከቡን ጠግኖ ጉዞውን ቀጠለ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት እዚያው ወንዝ ዳር ተገትሬ ቀረሁ።

ሳስተምር ግን ብታዩኝ! ካፖርቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ በመስኮቱ አሻግሬ እያየሁ፣ «ጨለማው ያለው ጫካው ውስጥ ሳይሆን ሰውዬው ውስጥ ነው» እላለሁ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከየት እንዳመጣኋት አላስታውስም፤ ማንም ሊያመጣት ይችላል። ተማሪዎቹ ይጽፏታል፣ በፈተና ይመልሱልኛል፣ ሙሉ ማርክ እሰጣቸዋለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ከእኔ ወደ እነሱ፣ ከእነሱ ወደ እኔ፣ እንደ እድር ድንኳን ስትመላለስ ኖረች። አንድ ጊዜ ብቻ አንዲት ልጅ ከዚህ ወጣ ያለ ነገር ጻፈች። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የኩርትዝ እጮኛ ማርሎን የሟቹን የመጨረሻ ቃል ትጠይቀዋለች፤ እሱም እውነቱን ትቶ «ስምሽን ነበር የጠራው» ይላታል። ልጅቷ ይህን ውሸት ደግፋ አራት ገጽ ተከራከረች። እኔ መጨረሻውን ያላነበብኩት ሰውዬ በቀይ እስክርቢቶ «ውሸት ውሸት ነው» ብዬ ጻፍኩና ሲ ሰጠኋት።

ትርጉምም ጀምሬ ነበር። «የኮንራድን ሥራ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው» ብዬ በ1998 ዓ.ም. ቡና ላይ ለወዳጆቼ ተናገርኩ፤ እስከ ዛሬም እየመለስኩ ነው። ርእሱ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። «የጨለማ ልብ» ስለው ስለ ልብ ሕመም የሚያወራ መሰለኝ። «ልበ ጽልመት» ስለው ከገድል ተቆርጦ የወደቀ መሰለኝ። «ድቅድቅ» የሚለውን አንድ ክረምት ሙሉ ወድጄው ነበር፤ ባለቤቴ «ስለ መብራት ኃይል ነው?» ብላ ጠየቀችኝና ተውኩት። ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1857 የተወለደ የፖላንድ ሰው ነው። እንግሊዝኛን የተማረው ካደገ በኋላ፣ መርከብ ላይ ሲሠራ ነው። በተዋሰው ቋንቋ መጽሐፉን ጨረሰ፤ እኔ በእናቴ ቋንቋ ሽፋኑን አልጨረስኩም።

ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1975 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ቆሞ ኮንራድን ዘረኛ ያለበትን ንግግር ያገኘሁ ዕለት ደግሞ እንዴት እንደተገላገልኩ! መጽሐፉን አለማንበቤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አቋም ሆነ። የአቼቤ ክርክር ባጭሩ፣ ኮንራድ አንድ ነጭ ሰው አእምሮው ሲበላሽ ለማሳየት ብሎ አፍሪካን ከኋላ መጋረጃ አድርጎ ሰቅሏታል ነው፤ ወንዙ ዳር ያሉት ሰዎች እጅና እግር፣ ዓይንና ጩኸት ሆነው ያልፋሉ እንጂ ስም የላቸውም፣ አንደበታቸውም አይሰማም። ይህን ሁሉ የራሴ ግኝት አስመስዬ አስተማርኩ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ዶሮዋስ ለሰማችው ነገር ቢያንስ ሞታለታለች።

ከሁሉ የምታሳፍረኝ የመግቢያ ንግግሬ ነች። «ይህ መጽሐፍ እኛን አይመለከትም» ብዬ ነበር የምጀምረው። «እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1885 በርሊን ላይ አፍሪካን እንደ ቅርጫ ሲከፋፈሉ፣ ንጉሥ ሊዮፖልድ ኮንጎን የግል ርስቱ አድርጎ ጎማ ያላመጣውን እጁን ሲያስቆርጥ፣ እኛ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ምን እንዳደረግን ታውቃላችሁ። ኮንራድ መጽሐፉን ያወጣው ከአድዋ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ኩርትዝ ወደኛ ቢመጣ ኖሮ በመጣበት መርከብ አሳፍረን እንሸኘው ነበር!» ጭብጨባ። መንዜ መሆኔንም ጣል አደርጋለሁ፤ የአርበኛ የልጅ ልጅ መሆኔን ደግሞ ሳልጨምር አላልፍም። ሳሎኔ ውስጥ የአያቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ካፖርት ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ ኒሻን አጥልቀው። እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ወደዚያ በሚያዞር ወንበር ላይ ነው የማስቀምጠው። አያቴ በፋሲካ ለት ሥጋ አይቀምሱም ነበር፤ ሁላችን ስንገድፍ እሳቸው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ይህንንም የጽድቃቸው ምልክት እያደረግሁ አወራዋለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ይኸው ንግግር ላይ ሳለሁ ከኋላ አንድ የግሼ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ የዘረቱስ?»

«የምኑ?»

«የአመፀኛ ዋሻው።»

የሰው ስም ይሁን የመጽሐፍ፣ አላወቅሁም። እንዲህ ባለ ጊዜ መምህር የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ፈገግ ብዬ፣ «ግሩም ጥያቄ ነው። ለሚቀጥለው ሳምንት ራስህ አዘጋጅተህ ታቀርብልናለህ» አልኩት። ልጁ አዘጋጅቶ መጣ። እኔ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀረሁ።

ቀርቼ አነበብኩ። መጀመሪያ ኮንራድን ጨረስኩ፤ የአሥራ ሰባት ዓመቱ ዕዳ ሁለት ሌሊት ፈጀ። ከዚያ ዘረትን ያዝኩ።

በ1931 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም መጨረሻ፣ ከአበበ አረጋይ አርበኞች ጋር የሚንቀሳቀሱ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት፣ ከጥቂት ተዋጊዎች ጋር በተሾመ ሽንቁጥ መሪነት መንዝ ውስጥ ዘረት ከሚባለው ቦታ፣ ገደል ሥር ካለ ትልቅ ዋሻ ገቡ። የጣሊያን ጦር ከበባቸው። በመድፍና በመትረየስ አልወጣ ሲሉ የግራናቲዬሪ ዲ ሳቮያ ክፍለ ጦር የኬሚካል ጓድ ተጠራ። ከገደሉ አናት ላይ ሆነው የሰናፍጭ ጋዝ በገመድ ወደ ዋሻው አፍ አወረዱ። ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ያለቀ ነገር ነው። እጃቸውን ከሰጡት ውስጥ 800 ያህል ወንዶች በገደሉ አፋፍ በጥይት ተረሸኑ። ጉዳዩን ከሠራዊቱ መዛግብት አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረገው ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ ነው፤ በጠቅላላው የሞቱትን ከ1,200 እስከ 1,500 ይገምታል። አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩዊባል፣ ዮናታን ሳህሌና ሹርሾ አያን የተባሉ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ዋሻው ድረስ ገብተው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ2011 አሳተሙ።

ቀኑ ከነከነኝ። ባሕረ ሐሳብ ልጅ ሆኜ ተምሬ ስለረሳሁት አንድ ዘመዴ ለሆኑ ቄስ ደወልኩ። ስልኩን ሳይዘጉ ጣታቸውን እየቆጠሩ ነገሩኝ፦ ዘመነ ሉቃስ፣ አበቅቴ 11፣ መጥቅዕ 19፣ መባጃ ሐመር 22። ፋሲካው ሚያዝያ 1 ላይ ወደቀ። የጣሊያኖቹም ፋሲካ በዚያ ዓመት በዚያው ዕለት ነበር። ክርስቶስ ለሁለቱም ወገን በአንድ ቀን ነው የተነሣው።

አዛዡን ስፈልግ ደግሞ ጀናሮ ሶራን አገኘሁ፤ ሌተና ኮሎኔል፣ አልፒኒ ከሚባሉት የተራራ ወታደሮች። እ.ኤ.አ. በ1928 «ኢታሊያ» የተባለችው የጄኔራል ኖቢሌ የአየር መርከብ ከሰሜን ዋልታ ስትመለስ በረዶ ላይ ወደቀች። ሶራ ከአንድ የሆላንድ ሰው ጋር፣ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች፣ ከወደቁት የተረፉትን ፍለጋ በሚሰነጣጠቅ የባሕር በረዶ ላይ ወጣ። ራሱም ለጥቂት ተርፎ ጀግና ተብሎ አገሩ ገባ። አገሩ በዚያው ዓመት፣ በዚያው የጸደይ ወራት፣ መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል አጽድቃ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ ያ የማያውቀውን ሰው ሊያድን በረዶ ላይ የወጣ ሰው ዘረት ገደል ላይ ቆሞ አገኘሁት። እኔ በየዓመቱ «ኩርትዝ ምን ዓይነት ሰው ነው? በምሳሌ አስረዳ» እያልኩ ፈተና አወጣለሁ፤ ምሳሌው እናቴ አገር ተራራ ሥር ነበር።

የጊዜው የጣሊያን እንደራሴ የአኦስታው መስፍን አሜዴዮ ናቸው። እኒህ መስፍን በወጣትነታቸው ስማቸውን ደብቀው ቤልጂግ ኮንጎ ወርደው፣ ስታንሊቪል ከተማ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። ስታንሊቪል የዛሬዋ ኪሳንጋኒ ነች፤ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1890 በእንፋሎት መርከብ የደረሰባት፣ የኩርትዝ ጣቢያ ከእሷ ተቀዳ የምትባለዋ ቦታ። ሳሙና! ተማሪዬ ይህን በልቦለድ ቢጽፍልኝ ኖሮ «አበዛኸው» ብዬ ማርክ እቀንስበት ነበር።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኸው ነው። ስለ መንዝ ለተማሪ የማወራው ራሱ ካደግሁበት ቀዬ የመጣ አልነበረም፤ ዶናልድ ሌቪን የሚባል የቺካጎ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ካሳተመው «ሰምና ወርቅ» ነው የምቀዳው። የመንዝ ሰው ርስቱን እንዴት እንደሚወድ ከቺካጎ ተምሬ መጣሁ።

እና ባለፈው ኅዳር ተነሣሁ። ለባልደረቦቼ «የመስክ ጥናት» አልኩት። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ ብዙ ኪስ ያለው ሰደርያ፣ ባለ ገመድ ባርኔጣ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ የተራራ ጫማ ገዛሁ። መስታወት ፊት ስቆም አሳሹን ስታንሌይን መሰልኩ፤ እውነቱን ለመናገር መምሰሌ ደስ አለኝ።

ጣርማ በር ስንደርስ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል። እኔ ግን ለፎቶ ብዬ ሹፌሩን ጣሊያን ወደ ሠራው ዋሻ አስገባሁት። ግድግዳውን በመዳፌ መታ መታ እያደረግሁ «ጣሊያን ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ!» አልኩ። ሹፌሩም «እንዴታ!» አለ። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ፤ አውራ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬያለሁ። ወደ አንዱ ዋሻ ልሄድ የተነሣሁ ሰውዬ ሌላውን ዋሻ ሳሞግስ ምንም አልተሰማኝም። አማርኛችን ሁለቱንም ዋሻ ነው የሚላቸው፤ የምንጠቅሰው ግን አንዱን ነው።

ሞላሌን አልፈን መሐል ሜዳ አደርን። ስለ ብርዱ ብዙ አልልም፤ ሁለት ብርድ ልብስ ላይ የአልጋ ቤቱን ዘበኛ ባና ተውሼ ደረብኩ፤ ዘበኛው በምን እንዳደረ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ መኪና ከሚገባበት ወዲያ በእግር ሄድን። ሹፌሩ ገደሉን አይቶ «እኔ መኪናውን ልጠብቅ» አለ። መንገድ ያሳየኝ አንድ የበግ እረኛ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው፣ ባና የደረበ፣ ጅራፉን አንገቱ ላይ የጠመጠመ። እግሩ ላይ ያደረገው ኮንጎ ነው። ያቺን የላስቲክ ጫማ አያችኋት? እኔም ልጅ ሆኜ አድርጌያታለሁ፤ በበጋ ታቃጥላለች፣ በክረምት ትሸታለች። አሥራ ሰባት ዓመት ኮንጎ ኮንጎ ስል ይህችኛዋ አንድ ቀን ትዝ ብላኝ አታውቅም። ልጁ በኮንጎው እንደ ጭላዳ እየዘለለ ወረደ። እኔ በውጭ አገሩ ጫማዬ ሁለት ጊዜ ተንሸራትቼ የቀረውን ቁልቁለት በመቀመጫዬ ጨረስኩት። ባርኔጣዬን ነፋስ ወሰደው። ልጁ ሮጦ አመጣልኝና ሲያቀብለኝ ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ነክሶ ነበር።

ዋሻው አፉ ሰፊ ነው፤ ከውስጥ የሚወጣው አየር የሌሊት ወፍ ኩስና የቆየ አቧራ ይሸታል። ባትሪዬን ግንባሬ ላይ አስሬ ገባሁ። ሸክላ ስብርባሪ አየሁ። ልጁ ጎንበስ ብሎ አንድ የዛገ ቀለሃ አነሣና አሳይቶኝ መልሶ እቦታው አስቀመጠው። ጥቂት እርምጃ ወደ ውስጥ ሄድኩ። ጫማዬ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ። ደረቅ ጭራሮ መሰለኝ።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ» አለኝ ልጁ። «ሰው ነው።»

ዘወር አልኩ፤ ማንም የለም። «የታለ?»

«የረገጡት።»

እግሬን ማንሣት አቃተኝ፤ የት እንደማሳርፈው አላውቅማ። ልጁ ክንዴን ይዞ እንደ ዓይነ ስውር አዙሮ አወጣኝ። ውጪ ስደርስ «ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» አልኩት። ባትሪው እንደ ቀትር ፀሐይ ግንባሬ ላይ እየበራ ነበር። ልጁ አየው፤ ምንም አላለም። በድምሩ ዋሻው ውስጥ የቆየሁት ዐሥር ደቂቃ አይሞላም።

አፉ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ፤ ስለ ጨለማ አንድ ከባድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ዛሬ እዚህ ላሰፍረው ብዬ ሳነበው ከካፖርቷ ዓረፍተ ነገር ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ ጫካ የሚለውን በዋሻ ተክቼው ኖሯል።

«ምን አይተው ነው የሚጽፉት?» አለኝ ልጁ።

ልሸኘው ስል እስክርቢቶ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ከደረት ኪሴ አራት እስክርቢቶ ተሰክቷል። ከአራቱ አንዱ መድረቁን አውቃለሁ። ያንን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ አመሰገነኝ። አመሻሽ ላይ ደብተሬን ስከልስ የዕለቱ ማስታወሻ ላይ ልጁ ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል፦ «የአካባቢው እረኛ»፣ «አንድ ልጅ»፣ «ልጁ»። ስሙን አልጠየቅሁትም። አቼቤን ለአሥራ ሰባት ዓመት በቃሌ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ስመለስ እቴቴ ዘንድ ገባሁ። የእናቴ የአጎቷ ልጅ ናቸው፤ ዘጠና ሊሆናቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን መርፌ ሲወድቅ ይሰማል። ኩበት እየነደደ፣ የገብስ ጠላ ቀድተውልኝ፣ ገና የመጀመሪያውን ጣሳ ሳላጋምስ «ዘረት ምን ልታደርግ ሄድህ?» አሉኝ። ከእኔ ቀድሞ ወሬዬ ደርሷል።

«ታሪክ ላጠና ነው እቴቴ። አያቴ አርበኛ ሆነው በተዋጉበት ዘመን…»

«አያትህ?» ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። «አያትህማ በቅሎ ይነዱላቸው ነበር።»

«ለአርበኞቹ?»

«ለጣሊያን ነዋ! ይዘው አስገደዷቸው፤ ኋላም በጠገራ ከፈሏቸው። ጣሊያን ወደ ዘረት ሲሄድ ያን ሁሉ በቅሎ የነዳ የመንዝ ሰው አያትህ ብቻ መሰሉህ?»

«ታዲያ ኒሻኑስ?»

«የምን ኒሻን?»

«ፎቶው ላይ ያለው።»

«እሱማ የፎቶ ቤቱ ነው። ካፖርቱም የፎቶ ቤቱ ነው።»

ጣሳዬን አነሣሁ። በቅሎዎቹ ምን ተጭነው እንደነበረ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ተመራማሪ ነኛ! «ጠላው እንዴት ያለ ነው!» አልኩ። እቴቴ ግን ያልጠየቅሁትን መለሱልኝ። «በርሜል ነው ይሉ ነበር። ምን እንዳለበት አልነገሯቸውም ይላሉ። ከዋሻው ውስጥ ማን እንዳለ ግን ያውቁ ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ከነጠመንጃው ነበረበታ፤ የኔ አባት።» እሳቱን ቆሰቆሱ። «እኔን ያሳደጉኝም የዳሩኝም እሳቸው ናቸው። ከራሳቸው ልጆች አስበልጠው። ፋሲካ ለት የማይገድፉት ለምን ይመስልህ ነበር?»

እኔማ የሚመስለኝን ለስንት እንግዳ ሳወራ ኖሬያለሁ።

ዝም ብለን ቆየን። ከዚያ ቦርሳዬን በዓይናቸው ፈለጉት። «እነዚያ መጥተው የጻፉት ፈረንጆች» አሉ፣ «የጻፉት ወረቀት አለህ?»

ነበረኝ። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎቹን ጽሑፍ አትሜ ይዤ ነበር፤ ገጾቹን በቢጫ ቀለም አስምሬባቸዋለሁ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩት። በመዳፋቸው ዳበሱት።

«የአባቴን ስም ጽፈውታል?»

እንዳልጻፉት አውቃለሁ። አጥንቱ ስሙን አይናገርም፤ እነሱም ያላወቁትን አልጻፉም። «አልተጻፈም እቴቴ» ማለት ሁለት ቃል ነው።

«አዎ፤ ተጽፏል» አልኩ።

«የቱ ጋ?»

ጣቴን አንድ ቦታ ላይ ጣል አደረግሁ። ቀና ብዬ በእሳቱ ብርሃን ሳየው የአንድ የሸክላ ገል ሥዕል ግርጌ ነው።

«በል አንብብልኝ። ስሙን ልስማው፤ ከስንት ዘመን በኋላ።»

እዚህ ላይ ነው ሌላው ጣጣ የመጣው። ማርሎ ቢያንስ የሚጠራው ስም ነበረው። እኔ የእቴቴን አባት ስም አላውቀውም። የእናቴን አጎት፤ የአያቴን ታናሽ ወንድም፤ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። እቴቴ ጆሯቸውን ወደኔ አዘንብለው ይጠብቃሉ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ድርሳን እንደሚያነብ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከሥዕሉ ግርጌ ያለችውን ብቸኛ መስመር አነበብኩ።

«ስኬል፣ ፋይቭ ሴንቲሜተርስ።»

እቴቴ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «አሜን» አሉ። ወረቀቱን ተቀብለው ሳሙትና አራት ቦታ አጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱት። ትንሽ ቆይተው ፊታቸውን ወደኔ መለሱ።

«በነሱ አፍ እንዲህ ነው የሚጠራው?»

«አዎ» አልኳቸው።